ዓመቱን የከፈልንበት ጂም ሲዘጋ

ሰሞኑን ከባሕር ዳር አንዲት እህት ጻፈችልኝ። ለልጇ ቋንቋ ማስተማሪያ ቤት የስድስት ወር ከፍላ፣ ልጁ ሁለት ወር እንደተማረ በሩ ተቆልፎ ቀረ። «እናንተ ማርቆስ ላይ የጂሙን ገንዘብ አስመለሳችሁ ሲሉ ሰማሁ፤ እንዴት አድርጋችሁ ነው?» ትላለች። በስልክ ልነግራት ጀምሬ ወሬው አላልቅ ቢለኝ እዚህ ልጽፈው ቃል ገባሁላት። «አስመለሳችሁ» የሚለው ግን ትንሽ ተጋኗል። የተመለሰለት አለ፣ ያልተመለሰለት አለ፣ ገንዘቡን በብረት የተቀበለም አለ።

የጂሙን ስም አልጠራም። ደብረ ማርቆስ ያለ ሰው ያውቀዋል፤ ሌላው ቢያውቀው አይጠቅመውም። ባለቤቱም ዛሬ ዕዳውን እየከፈለ ያለ ልጅ ነው።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬን ወንበር ላይ ተቀምጬ ስደምርና ስቀንስ ወገቤ ተበላሸና ሐኪሙ «ወይ ይንቀሳቀሳሉ፣ ወይ ከኪኒን ጋር ይኖራሉ» አለኝ። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት በማርቆስ አስፋልት ላይ ቱታ ለብሳ ልሩጥ ብትል ሰላምታው አያስሮጣትም። ያገኛት ሁሉ አስቁሞ «ምነው፣ ምን ሁነሽ ነው? ቤት ደኅና?» ይላታል። ስለዚህ ጂም ገባሁ። የወሩ 1,000 ብር ነበር፤ ዓመቱን በአንዴ ለሚከፍል 9,000። ጥር መጨረሻ ላይ ዓመቱን ከፈልኩ።

«አንቺ የሒሳብ ሰው ሆነሽ እንዴት?» የሚሉኝ አሉ። ሒሳቡን ሠርቼ ነው የከፈልኩት። 9,000 ብር ባንክ ባስቀምጥ በዓመት የሚወልድልኝ ለ3,000 ብር አይጠጋም። እንዲህ ያለ ቅናሽ ደግሞ ያለ ምክንያት አይሰጥም። እስቲ ነገሩን ከባለቤቱ ወገን ሆናችሁ እዩት፤ ከዋጋው ሩቡን ቆርጦ ጥሎ ገንዘቡን ዛሬውኑ የሚፈልግ ነጋዴ ባንክ ያላበደረው ነጋዴ ነው። ስለዚህ ከእኛ ይበደራል። ወለዱን ቅናሽ ብሎ ይሰጠናል፣ እኛም አባል ተብለን እንገባለን።

በደንብ የተያዘ የሒሳብ መዝገብም የሚለው ይህንኑ ነው። አስቀድሞ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚጻፈው ከዕዳ ጋር ነው። የእኔ 9,000 ብር በገባ በወሩ ገቢ የሚሆነው 750 ብሩ ብቻ ነው፤ 8,250ው ገና ያልተሠራበት፣ የሰው ገንዘብ ነው። በየወሩ 750 እየተቀነሰ ዓመቱ ሲሞላ ዕዳው ያልቃል። መሳቢያ የገባውን ሁሉ የራሱ የሚያደርግ ነጋዴ ግን ብዙ ነው። የእኛም ጂም ባለቤት በአባላት ገንዘብ ሁለተኛ የመሮጫ ማሽን ገዛበት፣ የፎቁን ኪራይ ስድስት ወር አስቀድሞ ከፈለበት። ከዚያ በኋላ ያለውን ወር መብራትና ደመወዝ የሚሸፍነው አዲስ የዓመት ከፋይ ከመጣ ብቻ ሆነ።

እኔን የሚያናድደኝ ይህን ነገር አያት ቅድመ አያቶቻችን አሳምረው የሚያውቁት መሆኑ ነው። በሠፈሬ የዕቁብ ጸሐፊ ነኝ። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ቆጥሮ ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። በመጀመሪያው ዕጣ የደረሰው ሰው እስከ መጨረሻው ድረስ የሁላችንም ባለዕዳ ነውና። ወንድሜ ቢሆን ዋስ ይጠራል፤ ቄስ ቢሆንም ይጠራል፤ ማንም አይቀየምም። ዋስ የማንጠይቀው የመጨረሻውን ዕጣ የሚወስደውን ሰው ብቻ ነው፣ ዕዳ የለበትማ። ይኸው ዋስ ካልመጣ ገንዘብ አልለቅም የሚል የዕቁብ አባል ማግስቱን ጂም ሄዶ የዓመት ገንዘብ ለማያውቀው ልጅ ቆጥሮ ይሰጥና ፎቶው የተለጠፈበት ካርድ ይዞ ይወጣል። ስለ ዋስ የሚነሣ ነገር የለም። ካርዱ የሚመሰክረው እሱ ማን እንደሆነ ነው፤ ገንዘቡን የወሰደው ማን እንደሆነ አይናገርም።

እኔ ስከፍል «እትዬ፣ ያለ ደረሰኝ ከሆነ ሌላ 500 ብር እቀንስልዎታለሁ» ተብዬ ነበር። ከማሽን የወጣ ደረሰኝ ካልተሰጠኝ አልከፍልም አልኩ። ልጁ ቅር አለው። ያቺ ቁራጭ ወረቀት በኋላ ምን እንደሠራች እመለስበታለሁ።

መዝጋቱ ድንገት የመጣ አልነበረም። መጀመሪያ ሻወሩ ሙቅ ውኃ አጣ፣ ቀጥሎ ውኃ አጣ። አንዱ ማሽን ላይ «በጥገና ላይ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ተቀደደ። የማለዳው አሠልጣኝ መምጣት ተወ። ለፋሲካ ደግሞ ትልቅ ባነር ተሰቀለ፦ የሁለት ዓመት አባልነት በ14,000 ብር። ባነሩን እንዳየሁ ለዕቁባችን ዳኛ «ይህ ልጅ መውደቁ ነው» አልኳቸው። ግንቦት መጨረሻ ላይ በሩ ላይ ሁለት ቁልፍ ተንጠልጥሎ አገኘን፤ አንዱ የልጁ፣ አንዱ የባለ ፎቁ። ስልኩ ጥሪ አይቀበልም።

በማግስቱ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። ያን ሁሉ ቀን ጎን ለጎን ላብ ሲያፈስ የከረመ ሰው ስም ለስም የተዋወቀው ያኔ ነው። የግሩፑ የመጀመሪያ ሳምንት ስድብ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ደግሞ ልጁ በሰው በኩል «ባሕር ዳር አንድ ጓደኛዬ ጂም አለው፣ ቀሪውን ጊዜ እዚያ መሥራት ትችላላችሁ» የሚል መልእክት ላከ። ከማርቆስ ባሕር ዳር ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚያ ሄዶ ሮጦ የሚመለስ ካለ ጂሙ አያስፈልገውም።

የወጣቶቹ ሐሳብ ፖሊስ ነበር። ሄዱም። የተሰጣቸው መልስ «ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» የሚል ሲሆን ብዙዎቹ ተበሳጩ፤ እኔ ግን መልሱ ትክክል ይመስለኛል። በወንጀል ሕጉ አታላይነት የሚባለው ገንዘቡን ሲቀበል በውሸት ወይም እውነቱን ደብቆ አሳስቶ የወሰደ ሰው ነው። ነግዶ የከሠረ ሰው ወንጀለኛ አይደለም። ባነሩን በሰቀለ ጊዜ ለመዝጋት ወስኖ ነበር የሚል ማስረጃ ቢኖረን ሌላ ወሬ ይሆን ነበር፤ የነበረን ግን ጥርጣሬ ነው። ደግሞም የታሰረ ሰው ምን ሠርቶ ይከፍለናል?

ያቺ ደረሰኝ የመጣችው እዚህ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ የተጻፈው የጂሙ ስም የማንም ስም አይደለም፤ ግድግዳ አይከሰስም። ደረሰኙ ላይ ግን የንግድ ፈቃዱ ባለቤት ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ አለ። ቁጥሩን ይዘን ከተማው ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ሄድን። ፈቃዱ በልጁ በራሱ ስም የወጣ የግለሰብ ነጋዴ ፈቃድ ነው፤ አልተመለሰም፣ አልተሰረዘም። ሁለቱም መልካም ዜና ነበሩ። ነጋዴ ፈቃዱን በወጉ ልመልስ ቢል ከግብር ዕዳ ነፃ ነው የሚል ማስረጃ፣ ሰው ክሊራንስ የሚለውን፣ ማምጣት አለበት። በር ቆልፎ የጠፋ ሰው በመዝገብ ላይ ገና ነጋዴ ነው፣ ግብር ከፋይም ነው፤ ነገ ሌላ ሥራ ልክፈት ቢል ያ መዝገብ ይጠብቀዋል።

የግለሰብ መሆኑ ለምን መልካም ሆነ? ግለሰብ ነጋዴ ለንግዱ ዕዳ ባለው ንብረት ሁሉ ይጠየቃል፤ ጂሙ ባዶ ቢሆን ቤቱ፣ መኪናው አለ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢሆን ኖሮ ግን በመርሕ ደረጃ የምንጠይቀው ማኅበሩን ብቻ፣ የሚከፈለንም ከማኅበሩ ንብረት ብቻ ነው። ማኅበር ሲፈርስ ሒሳብ አጣሪ ይሾምና ገንዘብ ጠያቂዎች ቀርበው ይመዘገባሉ፤ ሠራተኛ በሕግ ቅድሚያ አለው፣ በመያዣ ያበደረ ባንክ መያዣውን ይዟል፣ ግብር አለ። እንደ እኛ ያለ የጂም አባል ከእነዚህ ሁሉ ኋላ ተሰልፎ የተረፈውን የሚካፈል ነው። ያኔ ዝም ብሎ ቤት የተቀመጠ ሰው ምንም አያገኝም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813/2006 የሚባለው፣ ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት ለሸማች ይሰጣል። ለእኛ ነገር ግን የበለጠ የጠቀመን አሮጌው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከእኛ መሐል ሕግ የሚማር አንድ ልጅ ነበረ፤ ማታ ማታ ዳምቤል ሲያነሣ እንጂ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እሱ ነው አንድ ገጽ ማስጠንቀቂያ የጻፈልን። አንቀጽ 1771፦ አንዱ ወገን ውሉን ካልፈጸመ ሌላው ውሉ እንዲፈጸም ወይም እንዲሰረዝ መጠየቅ ይችላል፣ ኪሣራም ካለ ይጨምራል። አንቀጽ 1772፦ ይህን ከማድረግህ በፊት ግን «ውሉን ፈጽም» ብለህ አስጠንቅቀው። አንቀጽ 1815፦ ውል ሲሰረዝ ሁለቱ ወገኖች በተቻለ መጠን ውሉ ከመደረጉ በፊት ወደ ነበሩበት ቦታ ይመለሱ፤ የሰጠኸው ይመለስልህ ማለት ነው። ደብዳቤውን በሁላችንም ፊርማ አድርገን የእያንዳንዱን ደረሰኝ ኮፒ አያያዝን። ደረሰኝ የሌላቸው የቴሌብር መልእክታቸውን አወጡ፤ በባንክ የላኩት ከባንካቸው የሒሳብ መግለጫ አስወጡ። በጥሬ ገንዘብ ያለ ደረሰኝ ከፍለው 500 ብሯን ያተረፉትን ማን ይመስክርላቸው? አሠልጣኙ መሰከረላቸው፣ እግዜር ይስጠው። እሱም ደመወዙን ያጣ ሰው ነው።

የጂሙ ባለቤት አማኑኤል ከተማ፣ ወላጆቹ ጋር እንዳለ ሰማን። የሕግ ተማሪው በፍርድ ቤት መላኪያ ይድረሰው ይል ነበር። የዕቁባችን ዳኛ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ «መጀመሪያ እኛ እንሂድ» አሉ። ደብዳቤውን ኪሳቸው አድርገው ከአንድ ቄስ ጋር ሄዱ። እኔም የሒሳብ ወረቀቱን ይዤ ተከተልኳቸው። ሽማግሌ ከበር ቆሞ «አንቀመጥም» ሲል የጎጃም አባወራ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። አባትየው ነገሩን ከእኛ አፍ መስማታቸው ነበር። ልጃቸው ማርቆስ «ሥራ ላይ ነኝ» ብሏቸው ኖሯል።

ልጁ የተናገረው ሁሉ ውሸት አልነበረም። ከ2015 ክረምት ወዲህ እዚህ አገር መነገድ ምን ማለት እንደሆነ የጎጃም ሰው ለጎጃም ሰው አያስረዳም። መንገዱ ይዘጋል፣ ኢንተርኔቱ ስንት ጊዜ ጠፍቶ ከርሟል፣ ሰው ከመሸ አይወጣም፣ ጂም ደግሞ ገበያው ማታ ነው። «ከአቅሜ በላይ ሁኖብኝ ነው አባቶቼ» አለ። ቄሱ ዝም አሉ። እኔ አልቻልኩም። ሕጉም ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ያውቃል፣ ከአንቀጽ 1792 ጀምሮ አለ፤ ጦርነት፣ ያልታሰበ የተፈጥሮ አደጋ፣ የመንግሥት ክልከላ። የዕቃ ዋጋ ተወደደብኝ የሚለውን ግን 1794 ከዚህ አያስገባም። ከአቅም በላይ መሆኑ እውነት ቢሆንም ባለዕዳውን የሚያድነው ከኪሣራ ነው፤ ላልሰጠው አገልግሎት የያዘውን ገንዘብ የራሱ አያደርግለትም። «ጦርነቱ ጂምህን ዘጋው እንበል፤ የእኔን ስምንት ወር ማን ሰጠህ?» አልኩት። አባትየው «ልክ ናት» አሉ።

ከዚያ በኋላ የተከራከርንበት ነገር ደግሞ ከመላው ታሪክ እኔን በጣም የማረከኝ ነው፤ ሒሳብ የማይወድ ይዝለለው። ልጁ «እሺ፣ ቀሪውን እመልሳለሁ፤ ቀሪው ግን 6,000 አይደለም» አለ። አሰላሉ እንዲህ ነው፦ አራት ወር ሠርታችኋል፣ የወሩ ዋጋ 1,000 ብር ነው፣ 4,000 ተጠቅማችኋል፣ የሚመለሰው 5,000 ነው። ቅናሹ ዓመቱን ለጨረሰ ሰው ነው፤ እናንተ ዓመት አልጨረሳችሁም።

ብልጥ ነው። መጀመሪያ ስትሰሙት ትክክል ይመስላል። አባል ራሱ በገዛ ፈቃዱ «በቃኝ፣ መልሱልኝ» ቢል ኖሮ እኔም እንደዚያ ባሰላሁ። ዓመቱን ያላስጨረሰን ግን እሱ ነው። ቅናሹን ያገኘነው ዓመት ስለምንጨርስ ሳይሆን ገንዘባችንን አስቀድመን ስለሰጠነው ነው፤ ያንን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ፈጽመናል። እሱ የገዛበት ማሽን ምስክር ነው። ስለዚህ የወሩ ዋጋ 750 ነው፣ የቀረው ስምንት ወር ነው፣ 6,000 ብር። መምህሩ ወረቀቴን ተቀብለው በመነጽራቸው ጠጋ አድርገው አዩና «የእሷ ሒሳብ ይበልጥብኛል፤ ግን ሽማግሌ አንዱን ባዶ እጁን አይሰድም» ብለው 5,500 ላይ አቆሙት። ዛሬም 6,000 ነው እላለሁ። 500 ብሯን ግን ለመግባባቱ ከፈልኳት፤ ፍርድ ቤት ብንሄድ ለዳኝነትና ለመመላለሻ ከዚያ በላይ ይወጣ ነበር።

ስምምነቱ በዚያው ቀን በቃል ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር። እርቅ ላይ ሰው ሁሉ ስሜት ይሞላበታል፣ ይሳሳማል፣ ጠላ ይቀርባል፤ ከሳምንት በኋላ የተባለው ምን እንደነበር ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አይናገርም። ስለዚህ እዚያው እንጻፍ አልኩ። የ31 ሰው ስም ዝርዝር፣ የእያንዳንዱ ቀሪ ገንዘብ፣ ድምሩ 158,000 ብር፣ ልጁ «ይህ ዕዳ አለብኝ» ብሎ የፈረመበት። ክፍያው በሦስት ጊዜ ሆነ፦ የመጀመሪያው ማሽኖቹ ሲሸጡ፣ ሁለተኛው ጥር ላይ አባትየው ጤፍ ሲሸጡ፣ ሦስተኛው ከመስቀል በኋላ።

ዋሱ አባትየው ናቸው። ማንም ሳይጠይቃቸው «እኔ አለሁ» አሉ። ይህን ቃል በጎጃም ማንም አይጠራጠርም፤ የሕግ ተማሪው ግን በስልክ ሲነግረኝ ዋስትና በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም፣ በሁለት ምስክር ፊት መፈረም አለበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅ ካልተጻፈ በአንቀጽ 1922 መሠረት ዋስትናው ዋጋ የለውም አለኝ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። «ለሚደርሰው ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚል ወረቀት በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ስንት አለ! እኛ «እስከ 160,000 ብር» ብለን ጻፍን። «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውንም ጨመርን፤ ያለዚያ ዋሱ መጀመሪያ ልጄን ጠይቁ፣ የእሱ ንብረት ሲያልቅ ወደ እኔ ኑ ማለት ይችላል። ለአባትየው ይህን እያነበብኩ ሳስረዳቸው አንገቴን ደፍቼ ነበር። እሳቸው «ጻፊው ልጄ፤ እኔን ከማመን ወረቀቱን ማመን ይቀላል» ብለው ስማቸውን በእጃቸው ጻፉ።

ማሽኖቹን ማውጣት ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ባለ ፎቁ ያልተከፈለው ኪራይ ነበረና የሱን ቁልፍ አልፈታም አለ። ከሽያጩ እሱም ድርሻ እንዲያገኝ ተስማምተን ነው የተከፈተው። ከዚያ ግሩፑ ውስጥ ጠብ ተነሣ፤ ከሽያጩ መጀመሪያ ማን ይከፈል? እኔ አሠልጣኞቹ አልኩ። ሕጉም ለሠራተኛ ቅድሚያ ይሰጣል። ሕጉ ባይሰጥም የእኔ 5,500 ብር የወገቤ ነው፣ የእነሱ ደመወዝ የቤት ኪራይና የልጅ ወተት ነው። ሦስት ሰዎች ተቆጥተው ከግሩፑ ወጡ። አሠልጣኞቹ ተከፈሉ።

አንድ የባንክ ሠራተኛ ደግሞ ገንዘቡን መጠበቅ አልችልም ብሎ በድርሻው ቤንቹን ከነብረቱ በገዛ ጋሪው አስጭኖ ወሰደ። ባለፈው ቤቱ ለክርስትና ሄጄ አየሁት፤ ሚስቱ ቤንቹን ልብስ ማጠፊያ አድርጋዋለች። ዕቃ በገንዘብ ምትክ መቀበል አይከፋም፤ ግን ለስንት ብር እንደተቀበላችሁት ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ያለዚያ «ወስደሃልና ጨርሰናል» ትባላላችሁ።

ከግሩፑ የወጡት ሦስቱ ወረዳ ፍርድ ቤት ክስ መሥርተዋል፤ መዝገቡ እስከ አሁን በቀጠሮ ላይ ነው። መብታቸው ነው። በውል ላይ ያለ ክስ በመርሕ ደረጃ የሚታገደው በአሥር ዓመት ይርጋ ስለሆነ እኛም ሦስተኛው ክፍያ ቢቀር መሄጃ አለን፣ ያውም የተፈረመ የዕዳ ወረቀትና ዋስ ይዘን። ጊዜ አለን ማለት ግን ንብረቱ ይጠብቀናል ማለት አይደለም። ማሽኑ በሌሊት ቢጫን ይርጋው አይመልሰውም። ልጁ ዕቃውን ሊያሸሽ ነው የሚል ተጨባጭ ምልክት ብናይ ኖሮ ሽምግልናውን ትቼ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 151 ንብረቱ ከፍርድ በፊት እንዲያዝ ለማመልከት የመጀመሪያዋ እኔ እሆን ነበር። ሽምግልና የሚሠራው የሚያፍር ሰው ወይም የሚያፍርለት አባት ሲኖር ነው።

ወደ ባሕር ዳሯ እህቴ ልመለስ። ያንቺ ነገር ከእኛ በአንድ በኩል ይከብዳል። ትምህርት ቤቱ የማኅበር ከሆነ እንደ እኛ አባት ጋር የምትሄጂበት በር የለሽም። መጀመሪያ ደረሰኝሽን አውጪና በማን ስም እንደሆነ እዪ። በቴሌብር ከሆነ የከፈልሽው፣ መልእክቱ ስልክሽ ላይ ስላለ ብቻ አትመኚ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ኮፒውን ሌላ ቦታ አስቀምጪ፣ ገንዘቡ የገባው በማኅበሩ ስም ይሁን በሥራ አስኪያጁ የግል ስልክ ለይተሽ አረጋግጪ። በግል ስልክ ከገባ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ጠበቃ አማክሪ፣ ምክንያቱም ገንዘቡን የተቀበለው ሰው ራሱ የሚጠየቅበት መንገድ ሊኖር ይችላል። ንግድ ቢሮ ሄደሽ ፈቃዱ በሥራ ላይ ነው ወይስ ተመልሷል ብለሽ ጠይቂ። ማኅበሩ በመፍረስ ላይ ከሆነ ሒሳብ አጣሪው ማን እንደሆነ አውቀሽ ስምሽን በጽሑፍ አስመዝግቢ፤ ይህ የሚዘገይ አይደለም። ሌሎቹን ወላጆች ፈልጊ፤ የልጅሽ የክፍል ጓደኞች ስለሆኑ ከእኛ ይልቅ ይቀልሻል። አንድ ዓይነት ጉዳይ ያላቸው ሰዎች በፍርድ ቤት ፈቃድ አንዱ ሌሎቹን ወክሎ መክሰስ ይችላል፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 38 ነው። ለአራት ወር የቋንቋ ክፍያ ብቻሽን ከተመላለስሽ ትደክሚያለሽ።

«ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ልጁ ይቀጥል» ካሉሽና ቅርንጫፉ ለቤትሽ ቅርብ ከሆነ ተቀበይ፤ እኔ የሳቅሁት ባሕር ዳር ሩቅ ስለነበር ነው። ግን በቀሪው ጊዜ ልክ መሆኑን አጽፊ፣ «ገንዘቤን የመጠየቅ መብቴን ትቻለሁ» የሚል መስመር ያለበት ወረቀት ላይ ደግሞ ትምህርቱ ተጀምሮ ሳታዪ አትፈርሚ።

ባለ ፎቁ ቦታውን ለሌላ ሰው አከራይቶት አዲስ ጂም ተከፍቷል። ወገቤ አልተሻለውምና ሄጄ ነበር። አዲሱ ባለቤት የዓመቱን ዋጋ ነገረኝ፣ ጥሩ ቅናሽ አለው። «ዋስህ ማነው?» አልኩት። ሳቀ። በየወሩ እየከፈልኩ ነው፣ ሙሉውን ዋጋ።

ለአባላት፦ ሦስተኛው ክፍያ ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት በመምህሩ ቤት ይሰጣል። መታወቂያ ይዛችሁ ኑ። ሁለተኛውን ክፍያ የወሰዳችሁና መዝገቡ ላይ ያልፈረማችሁ አላችሁ፤ ስማችሁን እዚህ አልጽፍም፣ ታውቃላችሁ። ሳትፈርሙ ሦስተኛውን አልሰጥም።